ካርዱ አለ፣ መድኃኒቱ የለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ጤና መድኅን ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ከመንዝ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከእነዋሪ፣ ከምንጃር። አንዳንዱ ደብዳቤ ሲነበብ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልኩ የብዙዎቻችሁን ጥያቄ የሚወክሉትን መርጫለሁ። ስም አላወጣሁም። እኔም ለዓመታት በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስለሠራሁ የምመልሰው ያየሁትን ይዤ ነው።

«ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ከታመመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ለብቻው ያወራል። ሌሊት በር ከፍቶ ይወጣል፣ በዚያ ብርድ ያለ ጋቢ ሜዳ ላይ ያገኘነው ጊዜ አለ። ከተማ ወርደን አንድ ሆስፒታል አሳየነው። ምርመራው በመድኅን ካርዱ አለቀልን። መድኃኒቱ ላይ ስንደርስ ግን ‹የለም፣ ውጭ ግዙ› አሉን። እናቴ ሁለት በግ ሸጣ ገዛንለት፣ ደህና ሆነ፣ ከሰው ጋር ቡና መጠጣት ጀመረ። በሦስተኛው ወር የሚሸጥ ጠፋና መድኃኒቱ ተቋረጠ። ይኸው እንደ ድሮው ሆኗል። ጎረቤት ደግሞ ‹መድኅን ለሆድና ለእግር እንጂ ለአእምሮ አይሠራም› ይለናል። እውነት ነው ወይ?»
እህቱ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ

እህቴ፣ እውነት አይደለም። ጎረቤታችሁን አልወቅሰውም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፣ የጤና ባለሙያ ሆኖ እንደዚያ የሚናገርም ገጥሞኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የጀመረው። ከእነዚያ አንዱ ኩዩ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ በኦሮሚያው በኩል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ካርዱ በተመላላሽም ሆነ ተኝቶ በመታከም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሰጠውን ሕክምና ይሸፍናል። ከሽፋኑ ውጭ የሚባሉት እንደ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም ያሉ ናቸው። የአእምሮ ሕመም እዚያ ውስጥ የለም። የወንድምሽ ሕመም ከሆድ ሕመም እኩል ካርዱ ውስጥ አለ።

ግን አንድ ነገር አጣሪ። ወንድምሽ 26 ዓመቱ ነው ብለሻል። የቤተሰቡ መዋጮ የሚያጠቃልለው አባወራውን፣ ባለቤቱንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ከ18 በላይ የሆነ ሰው ተጨማሪ ተከፍሎለት ነው የሚገባው። በዚህ ምክንያት መዝገብ ቤት ደርሰው የተመለሱ ስንት ቤተሰቦች አይቻለሁ መሰለሽ። ሕመሙ ደግሞ ልብ በይ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚያው ዕድሜ ነው፣ ከ18 እስከ 30 ባለው። ስለዚህ ስሙና ፎቶው ካርዱ ላይ መኖሩን፣ ካርዱም የዘንድሮ እድሳት እንዳለው እዩ። እድሳት ያለፈበት ካርድ የትም አያደርስም። መክፈል ካልቻላችሁ ደግሞ ለማይችሉት መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፣ ስም የሚያዘው በቀበሌ ነው፣ ምዝገባው ሳያልፍ እናታችሁ ሄደው ያመልክቱ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የናንተን ደብዳቤ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የምሠራበት ቦታ አንዲት እናት ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆመው ነበር። «የለም» ተባሉ። ከመስኮቱ ዞር አላሉም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፣ ውስጡ ሁለት ክኒን በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፣ «ልጄ፣ ይቺ ናት የቀረችኝ፣ ዛሬና ነገ ናት፣ ከነገ ወዲያስ?» አሉ። ፋርማሲስቱ አንገቱን ደፋ፣ እሱም የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ያን ቀን ነው «የለም» የሚለው ቃል ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ የጀመርኩት።

የሚመጣው እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛው ከመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ በራሱ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ገንዘብ፣ ማለትም ከመድኃኒት ተሰብስቦ መልሶ መድኃኒት በሚገዛበት ገንዘብ። በየሁለት ወሩ ስንት እንደወጣና ስንት እንደሚያስፈልግ ቅጽ ተሞልቶ ይላካል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የአእምሮ ታካሚ ጥቂት ሆኖ ከታየ ትንሽ ይታዘዛል፣ ወይም ጭራሽ አይታዘዝም። ትንሽ ሲታዘዝ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ታካሚው «የለም» ተብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ ደግሞ ታካሚ የለም ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ላይ መድኅኑ ለጤና ተቋሙ ሒሳቡን ካዘገየበት መግዣው ገንዘብ ራሱ ያጥራል፣ ያኔ ገንዘቡ ቶሎ ቶሎ ለሚጠየቀው መድኃኒት ይሄዳል። የማይጠይቅ ሰው መድኃኒት ነው መጀመሪያ የሚቀረው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ወንድምሽን መጀመሪያ አቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ አስመዝግቡ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ያለ ሪፈር የሄደ ሰው የራሱን ኪስ ነው የሚነካው። ሆስፒታል ስትደርሱ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ያዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ መኖሩን ከመጻፉ በፊት እንዲያጣራ፣ ከሌለ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ያለ መድኃኒት እንዲመርጥላችሁ። ሃሎፔሪዶል ባይኖር ክሎርፕሮማዚን ወይም ሪስፔሪዶን ሊኖር ይችላል፣ ግን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከረጋ በየወሩ ከምትመላለሱ የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲጽፍላችሁ። ሦስተኛ፣ ክትትሉን ወደ መሐል ሜዳ እንዲመልስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ትራንስፖርት መድኅን አይሸፍንም፣ የእናታችሁን በጎች የበላው ግማሹ እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ።

«የለም» ከተባላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ ጽፈው ማህተም ያድርጉበት። ውጭ ስትገዙ ሕጋዊ ደረሰኝ ያዙ። ሁለቱን ይዛችሁ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ መድኅኑን የሚያስተባብሩት ዘንድ ሂዱና ውል የገቡበት ፋርማሲ ካለ፣ ወይም የሚተካ ገንዘብ ካለ ጠይቁ። አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ስለሚለይ እኔ ከዚህ ሆኜ «ታገኛላችሁ» ልልሽ አልችልም። ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ ያ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ መቀመጡ ለውጥ አለው። ሦስት ቤተሰብ ሦስት ወረቀት ይዞ ከመጣ ቅጹ ላይ ቁጥሩ ይቀየራል። እኔ ይሄን አይቻለሁ።

ወንድምሽ ቡና ላይ መቀመጥ ጀምሮ ነበር ብለሻል። ያንን አትርሺው። መድኃኒቱ እንደሚሠራለት ታውቋል ማለት ነው።

«ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ድርጅቱ ለሠራተኛው የሕክምና ኢንሹራንስ ገብቶልናል። ድባቴ ይዞኝ ሐኪም ጋ ሄጄ ደረሰኙን ሳቀርብ ‹የአእምሮ ሕክምና አይካተትም› ተባልኩ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ‹እዚህ እንዲህ ማድረግ በሕግ ክልክል ነው› ትለኛለች። እውነት እዚያ እንደዚያ ነው? እኛስ ጋ ሕግ የለም?»
ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሐኪም ጋ መሄድህ ትልቅ ነገር ነው። ድባቴ ይዞት በየጠዋቱ ራሱን ከአልጋ እየጎተተ ሥራ የሚገባ ሰው ብዙ ነው።

እህትህ በከፊል ልክ ናት፣ ታሪኩ ግን ረዘም ይላል። አሜሪካ ውስጥም ለብዙ ዘመን ኢንሹራንሱ እንዳንተው ነበር። ለልብ ሕመም የፈለግከውን ያህል ትታከማለህ፣ ለአእምሮ ሲሆን ግን «በዓመት ይህን ያህል ቀን ብቻ» ይባላል። ይህን ለመቀየር ከተነሱት ሁለት ሴናተሮች ነበሩ፣ ፖል ዌልስቶን እና ፒት ዶሜኒቺ። አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን። በፖለቲካ ብዙም የማይስማሙ ሰዎች ናቸው። ያገናኛቸው ቤታቸው ነው። የዌልስቶን ወንድም የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር፣ የዶሜኒቺ ሴት ልጅ ደግሞ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው ሕግ ወጣ፣ ያ የገንዘብ ጣሪያውን ብቻ ነበር የነካው። ኢንሹራንሶቹም ጣሪያውን አንስተው የቀኑን ቁጥር መገደባቸውን ቀጠሉ። ዌልስቶን በ2002 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙና በዶሜኒቺ ስም የተጠራው ሰፊው ሕግ በጥቅምት 2008 ጸደቀ፣ ዶሜኒቺ ከምክር ቤት ሊሰናበቱ ሲሉ ማለት ነው።

ያ ሕግ የሚለው ቀላል ነው። «የአእምሮ ሕክምና ሸፍኑ» ብሎ አያስገድድም። ከሸፈናችሁ ግን ታካሚው ከኪሱ የሚጨምረው ገንዘብ፣ የሚፈቀድለት የቀን ብዛት፣ የቅድሚያ ፈቃዱ ጣጣ ከሌላው ሕክምና የጠበቀ እንዳይሆን ይላል። ሱስንም ይጨምራል። ህንድም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ኢንሹራንሶች የአእምሮ ሕመምን ከአካል ሕመም እኩል እንዲያስተናግዱ ደንግጋለች። ነገር ግን እህትህን ብትጠይቃት የምትነግርህ ሌላ ነገር አለ። ሕጉ እያለም ኢንሹራንሱን የሚቀበል የአእምሮ ሐኪም ማግኘት እዚያም ያንገላታል። ካርድ ኖሮ መድኃኒት እንደማጣት ነው፣ ከላይ ያለችው የመንዟ እህት የጻፈችውን አንብበው።

እኛ ጋ እኔ እስከማውቀው እንዲህ ያለ የእኩልነት ሕግ ለግል ኢንሹራንስ የለም። ለመደበኛ ሠራተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 (በእኛ አቆጣጠር) ነው፣ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታቀደበት። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ተገፍቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲደግፍ ይላል። ይሄን ጠቅሰህ ግን ደረሰኝህን አታስከፍልም። ሐቁን ልንገርህ ብዬ ነው።

የምትችለው ይሄ ነው። ድርጅታችሁ ከኢንሹራንሱ ጋር የገባው ውል ምሥጢር አይደለም። የሰው ኃይል ክፍሉን ውሉን አሳዩኝ በል። «ያልተካተቱ» የሚል ገጽ አለው። እዚያ ላይ የአእምሮ ሕመም ተብሎ በቃል መጻፉን እይ። ካልተጻፈ የከለከሉበት መሠረት ደካማ ነው፣ ደረሰኙን መልሰህ አስገባ። ከተጻፈ ደግሞ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፣ ያ መስመር የሚወጣው በእድሳት ጊዜ ነው። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ ያስገቡት። ስምህን መግለጥ ካልፈለግክ ለማኅበሩ ሰው «አንድ ሠራተኛ ጠየቀ» በለው፣ በቂ ነው። እስከዚያው መንግሥት ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ብትሄድ ዋጋው ከግሉ ብዙ ይቀንሳል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ሥራቸው የሚታወቀው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለህ እንዳታቆም። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገርና አብራችሁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

«ልጄ፣ ስሜን አልናገርም። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት፣ 15 ዓመቷ ነው። ፃድቃኔ ማርያም ጠበል ልወስዳት ነው። ክኒኑን አቁሙ የሚሉኝ አሉ፣ ‹ጠበልና ክኒን አይሄድም› ይላሉ። ምን ትይኛለሽ?»
እናት፣ ከሰላድንጋይ በኩል

እናቴ፣ ይውሰዷት። እመብርሃን ትማርልዎ። ክኒኑን ግን እንዳያቆሙ፣ እግርዎን ስሜ ነው የምለምንዎት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ልጅዎ የምትወስደው ፌኖባርቢታል ከሆነ፣ ነጯ ትንሿ ክኒን ማለት ነው፣ በድንገት ሲቆም ሕመሙ ተነሥቶ ሳያቋርጥ ሊጥላት ይችላል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ይሄ ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ጠበል ቦታ ይህ ሲደርስ አይቻለሁ፣ ከዚያ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ደግሞ ረጅም ነው።

ጠበሉ በጠዋት በባዶ ሆድ ስለሆነ ነው አይደል የሚያስጨንቅዎት? ይህቺ ክኒን በቀን አንዴ፣ ማታ ከመተኛት በፊት የምትወሰድ ናት። ጠዋት ትጠመቅ፣ ማታ ትዋጥ። በጠበሉ ራሱ ብትውጣትስ ማን ይከለክላል? ይህን ለአባቶች ያስረዱ። ብዙ አስተዋይ አባቶች አውቃለሁ፣ «ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» ብለው መድኃኒቱን ጠይቀው፣ ከዋጠች በኋላ የሚያጠምቁ። ለምትቆዩበት ቀን የሚበቃ ክኒን ቀድመው በካርድዎ ያውጡ።

ሌላም ልጨምር። ሲጥላት በጎኗ ያስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አያስገቡ፣ ክብሪት አያሽትቷት። ክብሪቱ ምንም አይጠቅማትም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። ምድጃውን ደግሞ ብቻዋን አትጠጋ። በዚህ በሽታ እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ስንት ሴት ልጆች አሉ።

«ካርዴን ይዤ ጤና ጣቢያ ብሄድ ቀበሌው ሁሉ ያውቅብኛል። መድኅን ሲያስተካክሉ ‹ይቺ አብዳለች› ብለው ይጽፋሉ?»
ከእነዋሪ

አይጽፉም። ካርድሽ ላይ ያለው ስምሽ፣ የቤተሰቡ ቁጥርና ፎቶሽ ነው። የሕመምሽ ስም የሚጻፈው የሕክምና መዝገብሽ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቀበሌ አይደርስም። ባለሙያው ሕመምሽን ለሌላ ሰው ቢያወራ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ለተቋሙ ኃላፊ መክሰስ ትችያለሽ። የሰው አፍ ግን አለ፣ አልዋሽሽም፣ ወረፋ ላይ የሚያይሽ ጎረቤት ይኖራል። የምትፈሪው እሱን ከሆነ ጤና ጣቢያው ሪፈር እንዲጽፍልሽ አድርጊና ክትትልሽን ከተማ ሆስፒታል አድርጊው። መታከምሽን ግን አትተዪው።

«እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ምንጃር አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የአእምሮ ሕመም ሥልጠና ወስጃለሁ። ታካሚ ይመጣል፣ መመርመር እችላለሁ፣ የምሰጠው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ የለኝም። ወደ ሆስፒታል ስልካቸው ብዙዎቹ አይሄዱም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይሄዳሉ። ታዲያ እኩል ሽፋን የሚባለው ለማን ነው?»

ጥያቄህ ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም ለእኔም የዘወትር ጥያቄዬ ነው።

የወሰድከው ሥልጠና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ነው፣ ከስፔሻሊስት ውጭ ያለ ባለሙያም የአእምሮ ሕመምን እንዲያክም ታስቦ። እኛ አገር እንደሚሠራ ደግሞ ታይቷል። ቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ ጤና ጣቢያ ላይ እንዳንተ ባሉ ባለሙያዎች የታከሙ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ሆስፒታል ሄደው በሳይካትሪ ነርስ ከታከሙት ያነሰ ውጤት አላገኙም። እዚያው አካባቢ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታይቷል። የብዙዎቹ ገዳይ ተላላፊ በሽታ ነው። አስበው፣ ሳል ይዞት የመጣን ሰው «እብድ ነው» ብሎ ሳያዳምጡ መመለስ ማለት ነው። እኩል ሽፋን ይሄንንም ይጨምራል፣ ታካሚህ ስለ ደረቱ ሲነግርህ ደረቱን አዳምጠው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ነው። ክትባት፣ ወሊድ በነፃ ነው። ይህ በመሆኑ ስንት ነፍስ ተርፏል! የቲቢ ታማሚ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ከቤቱ ድረስ ሄደን እንፈልገዋለን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስሙን ይዛ በር ታንኳኳለች። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ሲያቋርጥ ግን ማን ይፈልገዋል? የእሱ መድኃኒት ነፃ ከሚባሉት ውስጥ የለም፣ ስሙም በማንም ዝርዝር ላይ የለም። እኔ እኩልነት የምለው ይሄ በር ለእሱም ሲንኳኳ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እነዚህ የቆዩት መድኃኒቶች ከርካሾቹ ናቸው።

እስከዚያው ከአንተ እጅ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። መድኃኒት ባይኖርህም የመጣውን ታካሚ ሁሉ መዝግብ። ከፋርማሲው ሰው ጋር ቁጭ በልና በሚቀጥለው የሁለት ወር ቅጽ ላይ ቁጥሩን አብራችሁ ሙሉ። አምስት ታካሚ ካለህ አምስት በል፣ ዜሮ እንዳይላክ። አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፌኖባርቢታል፣ እነዚህ ሦስቱ መደርደሪያህ ላይ ቢኖሩ ከሚመጣብህ ብዙውን ትይዛለህ። ሸንኮራም ውረድ። ጠበሉ አጠገብ ካሉት አባቶች ጋር ተዋወቅ። ታካሚህ እዚያ ከሆነ አንተም እዚያ ብትገኝ ምን ነውር አለው?

«አጎቴ እልፍኝ ውስጥ በሰንሰለት ነው ያለው። አራት ዓመት ሆነው። አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሲፈታ ሰው ይደበድባል፣ ገደል ይገባል ብሎ ነው። ካርድ የለንም። እኔ 17 ዓመቴ ነው። ምን ላድርግ?»
ከመርሐቤቴ

ልጄ፣ ይህን መጻፍህ ድፍረት ነው። አባትህ ክፉ እንዳልሆነ አምንሃለሁ። ያሰሩ ብዙ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፣ አብዛኞቹ ሲያስሩ ያለቀሱ ናቸው። ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

መንገድ አለ። በየአራት ሳምንቱ ገደማ አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ፍሉፈናዚን ይባላል፣ ብዙ ሰው ሞዲኬት በሚለው ስም ያውቀዋል። ክኒን አልውጥም ለሚል ሰው ነው የሚጠቅመው። በየቀኑ መታገል የለም። መጀመሪያ አካባቢ ሰውነትን ገትሮ ሊይዝ፣ ምራቅ ሊያበዛ ይችላል፣ ያን ጊዜ ለዚያ የሚሆን ሌላ ክኒን አለ፣ ንገሩ እንጂ መርፌውን አታቁሙ። አራት ዓመት ታስሮ የነበረ ሰው መርፌ ጀምሮ በሁለተኛው ወር ራሱ ፊቱን ሲታጠብ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ነገ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልግ። ብቻህን አትሂድ፣ አንድ አክስት ወይም የምታምነውን መምህር ያዝ። «አጎቴ ታስሯል፣ ሐኪም እቤታችን ድረስ መጥቶ ይየው» በላት። እግሩ ላይ ቁስል ካለ እሱን መጀመሪያ ንገራት፣ ቁስሉ ለብቻው አደገኛ ነው። ሐኪም ሳያየው ሰንሰለቱን እንዳትፈቱ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይያዘው። ካርዱን ደግሞ አባትህ ከቀበሌ ይጠይቁ። መክፈል ካቃታቸው ከማይችሉት ዝርዝር ይግቡ፣ አጎትህ ከ18 ዓመት በላይ ስለሆነ የእሱ ስም ለብቻው መግባቱን ይከታተሉ። ካርዱ እስኪወጣ ግን አትጠብቁ። ዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ፣ ወደዚያ ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፣ ወጪውን ዕድራችሁ ሊረዳችሁ ይችል እንደሆነ አባትህ ያማክሩ። ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለም።

ጤና ኤክስቴንሽኗን አግኝተህ ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ። ከመጣችም፣ ካልመጣችም። አድራሻህን በዚህ ጽሑፍ አላወጣሁም፣ እኔ ጋ ግን አለ፣ እመልስልሃለሁ።